አንድ ወንበር፣ አንድ ቀበቶ፦ ከባሕር ዳር አውሮፕላን እስከ ወረታ ሚኒባስ

ከወረታ ተነስቶ በአውሮፕላን አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ጉዞው ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ከወረታ መናኸሪያ እስከ ባሕር ዳር ያለው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ነው፤ የፎገራን ሜዳ ቆርጦ፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ፣ ሐሙሲትን አልፎ ይሄዳል። ሁለተኛው ከባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው አንድ ሰዓት ገደማ የሚፈጅ በረራ ነው። በበረራው ላይ መንገደኛው ገና ሳይደላደል የቀበቶውን ሁለት ጫፎች ይፈልጋል፤ ያስራል፤ አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ ብታየውም ቅር አይለውም። ጠዋት በሚኒባስ ሲመጣ ግን ቀበቶ የሚባል ነገር ትዝ ሳይለው ሐሙሲት ደርሷል። ትዝ ቢለውም ብዙ ጊዜ ወንበሩ ላይ የሚታሰር ነገር አያገኝም።

አደጋው ያለው ደግሞ በአስፋልቱ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ፖሊስ የመዘገበው የመንገድ ላይ ሞት ከ4,300 በላይ ነበር፤ ድርጅቱ ራሱ የገመተው ግን ከ27,000 በላይ ነው። ዝቅተኛውን ቁጥር ብቻ ብንወስድ እንኳ የአገር ውስጥ በረራ ከመንገዱ ጋር ለንጽጽር አይቀርብም።

ይህን ሁሉ በተሳፋሪው ቸልተኝነት አሳቦ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ አልስማማም። ያው ሰው፣ በዚያው ቀን፣ አንዱ ቦታ ላይ ያስራል፤ ሌላው ቦታ ላይ አያስርም። ሰውየው በሁለት ሰዓት ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ወንበሩ፣ ወንበሩ የተተከለበት ወለልና ከመነሳቱ በፊት መታሰሩን የሚያይለት ሰው መኖሩ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ቀበቶዎች ለምን እንዲያ ተለያይተው እንደተሠሩ ማየት ያስፈልጋል። ሚኒባሳችን ከሁለቱም የጎደለው ምን እንደሆነ የሚታየው ያን ጊዜ ነው።

የአውሮፕላን ቀበቶ ታሪክ የሚጀምረው ከግጭት አይደለም። በ1910 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጦር አብራሪ ቤንጃሚን ፉልዋ በራይት ወንድማማቾች አውሮፕላን ሲበር ነፋሱ ከመቀመጫው ሊያወጣው ስለደረሰ፣ የቆዳ ጠፍር አሠርቶ ራሱን ከወንበሩ ጋር አሰረ። የፈራው መሬት መምታትን ሳይሆን ከወንበሩ ተነጥቆ መውደቅን ነበር። ዛሬም ተሳፋሪው ወገቡ ላይ የሚያስረው ቀበቶ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገለግለው ለዚሁ ነው። አውሮፕላን በተናወጠ አየር ውስጥ ድንገት ሲወርድ ያልታሰረ ሰው ባለበት ይቀርና ጣሪያው ወደ ራሱ ይመጣል። በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ይበር በነበረው የሲንጋፖር አየር መንገድ ቦይንግ 777 ላይ የሆነው ይህ ነው። በመርማሪዎቹ የመጀመሪያ ሪፖርት መሠረት በተሳፋሪዎቹ ላይ ያረፈው ኃይል ከስበት 1.35 እጥፍ ተነስቶ በ0.6 ሰከንድ ውስጥ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ 1.5 እጥፍ ተገለበጠ። ያልታሰሩት ወደ ላይ ተነሱ፤ በ4 ሰከንድ ውስጥ መልሰው ወደቁ። አንድ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ጭንቅላታቸውና አከርካሪያቸው ተጎዳ። ለእንዲህ ያለው ከላይ ወደ ታች ለሚሆን ኃይል የወገብ ቀበቶ በቂ ነው። ዳሌን ከወንበር ጋር ከያዘ ሰውነት የትም አይሄድም።

ሌላም ምስክር አለ። በሚያዝያ 1980 ዓ.ም. በሃዋይ ሰማይ 24,000 ጫማ ላይ የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የጣሪያው የፊተኛ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ። ተሳፋሪዎቹ ቀበቶ አስረው ነበርና ክፍት ሰማይ ሥር ተቀምጠው በሕይወት ወረዱ። የሞተችው በዚያ ሰዓት ቆማ ታስተናግድ የነበረችው የበረራ አስተናጋጅ ብቻ ናት።

«አውሮፕላን ከወደቀ ቀበቶ ምን ያደርጋል?» የሚለው አባባል በየሻይ ቤቱ ይሰማል። መልሱ በቁጥር የታወቀ ነው። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ከ1983 እስከ 2000 እ.ኤ.አ. በአገሩ አየር መንገዶች ላይ የደረሱትን አደጋዎች ሲመረምር፣ በአደጋ ላይ ከነበሩት ሰዎች ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተርፈዋል። በዜና የምንሰማው ማንም ያልተረፈበትን ነው። ብዙው አደጋ ግን ከማኮብኮቢያ መውጣት፣ በሆድ ማረፍ፣ በመሬት ላይ መንሸራተት ነው። በእነዚህ ላይ ቀበቶ ይለያል።

ወደ ፊት ለሚመጣው ኃይል አውሮፕላን የተማመነው በወንበሩ ላይ ነው። ቀበቶው የታሰረው ከግድግዳ ጋር ሳይሆን ከራሱ ከወንበሩ ጋር ሲሆን፣ ወንበሩ በወለሉ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ተቆልፏል። ተሳፋሪው ወደ ፊት ሲወረወር ኃይሉ ከቀበቶው ወደ ወንበሩ እግር፣ ከእግሩ ወደ ሐዲዱ፣ ከሐዲዱ ወደ አውሮፕላኑ አጥንት ይሄዳል። ድሮ ወንበሩ የስበትን 9 እጥፍ እንዲችል ብቻ ነበር የሚጠየቀው። በ1988 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ለአዳዲስ አውሮፕላኖች ዲዛይን መለኪያውን ወደ 16 እጥፍ አሳደገው፤ ያውም ሐውልት ላይ እንደሚጫን ክብደት ቆሞ ሳይሆን አሻንጉሊት ተሳፋሪ ተቀምጦበት፣ በተንሸራታች ላይ ተወርውሮ እንዲፈተን። በጥር 1989 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ኬግዎርዝ ላይ የወደቀው ቦይንግ 737 ደግሞ ከ126 ሰዎች 47ቱ የሞቱበት ሲሆን፣ የተነቀሉ ወንበሮችና የተሰበሩ እግሮች እንዴት ብሎ መቀመጥ እንደሚገባ በጥልቀት እንዲጠና ምክንያት ሆኗል። ዛሬ በካርዱ ላይ የምናየው ጎንበስ ብሎ ራስን ወደ ፊት ወንበር የማስጠጋት ምክር ከዚያ ጥናት ብዙ ወስዷል። የትከሻ ቀበቶ ስለሌለ ተሳፋሪው ራሱ አስቀድሞ ይታጠፋል፤ ጭንቅላቱ የሚወረወርበት ርቀት ያጥራል።

ታዲያ ለምን ትከሻም አይታሰርም? አብራሪዎቹና አስተናጋጆቹ እኮ ትከሻቸውን ያስራሉ። የእነሱ ወንበር የተተከለው በግድግዳ ወይም በጠንካራ መዋቅር ላይ ነው፤ አደጋ ሲደርስም ሌላውን የሚያወጡት እነሱ ስለሆኑ ነቅተው መቅረት አለባቸው። የተሳፋሪው ወንበር ግን ትከሻ የሚይዝበት ምሰሶ አጠገቡ የለም። ቀበቶውን ከወንበሩ ጀርባ አናት ላይ ቢያስሩት ጀርባው ረጅም ስለሆነ ወደ ፊት የመገንደሱ ኃይል እግሩን ከሐዲዱ ይነቅለዋል፤ እንዳይነቅለው ወንበሩም ወለሉም መክበድ አለባቸው። ክብደት ደግሞ ነዳጅ ነው። ይህ የደህንነት ስሌት ብቻ ነው ብዬ አልከራከርም፤ የገንዘብ ስሌትም አለበት። አንዳንድ አየር መንገዶች በቢዝነስ ክፍላቸው የትከሻ ቀበቶ ወይም በወገብ ቀበቶው ውስጥ የተጠቀለለ የአየር ከረጢት ሲያስገቡ፣ ከኋላ ያለው በወገብ ቀበቶ ብቻ መቅረቱ ይህንኑ ያሳያል።

ዘለበቱም የተለየው በምክንያት ነው። የመኪናውን በአውራ ጣት ተጭነን እንፈታዋለን፤ የአውሮፕላኑን ክዳን ወደ ላይ እናነሳለን። ክዳኑ በግጭት መሃል በእጅ ወይም በዕቃ ተነክቶ በቀላሉ አይከፈትም፤ በጨለማና በጭስ ውስጥ ደግሞ በአንድ እጅ፣ ሳያዩት ይፈታል። አንድ አውሮፕላን ፈቃድ ለማግኘት መውጫዎቹ በግማሽ ብቻ ተከፍተው ሰዎቹ ሁሉ በ90 ሰከንድ ውስጥ መውጣት እንደሚችሉ መታየት አለበት። ቀበቶው እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት መያዝ፣ ከዚያ ወዲያው መልቀቅ ይጠበቅበታል።

የዚህን ትርጉም ለማወቅ ከወረታ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ ሲነሳ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገባ። አንዱ ሞተር ወዲያው ኃይሉን አጣ፤ ሁለተኛው ወደ ማረፊያው ለመመለስ ሲሞከር ቆመ። አውሮፕላኑ ጎማ ሳይዘረጋ በሆዱ መሬት ላይ አረፈ፤ እሳትም ተነሳ። ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ፤ 69ኙ ተረፉ። በጣና ዙሪያ ያደገ ሰው ይህን ታሪክ ከአባቶቹ ሳይሰማ አልቀረም። እንዲህ ባለው አደጋ ተሳፋሪው ሁለት ነገር በተከታታይ ያስፈልገዋል፦ አውሮፕላኑ በመሬት ላይ ሲጎተት ከወንበሩ አለመወርወር፣ ሲቆም ደግሞ በእግሩ መውጣት። እግሩ የተሰበረ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ከእሳት አይሮጥም። «ቀበቶ ካሰርኩ እሳት ሲነሳ ወይም ውኃ ውስጥ ሲገባ ያስቀረኛል» የሚሉ ብዙ ሰዎች አሉ፤ በመኪናም ላይ ይህንኑ ይላሉ። ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚታየው። ለማምለጥ መጀመሪያ ነቅቶ መቅረት ያስፈልጋል።

የመኪናው ቀበቶ አባት ስዊድናዊው ኒልስ ቦሊን ነው። ወደ ቮልቮ በ1958 እ.ኤ.አ. ከመምጣቱ በፊት በሳብ ኩባንያ አብራሪን ከጦር አውሮፕላን የሚያስፈነጥር መቀመጫ ይሠራ ነበር። አብራሪ የታዘዘውን ማሰሪያ ሁሉ ታግሶ ያስራል፤ ገበያ የሚሄድ ሰው ግን አይታገስም። ቦሊን ስለዚህ በአንድ እጅ የሚታሰር፣ አንዱ ጫፍ ደረትን ሌላው ዳሌን የሚይዝ፣ ዘለበቱ ጎን ላይ የሚውል ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ሠራ። በ1959 እ.ኤ.አ. በቮልቮ መኪኖች ላይ ተገጠመ፤ ኩባንያውም የፈጠራ መብቱን ለሌሎች አምራቾች ክፍት አደረገው። መኪና ውስጥ ደረትን መያዝ ግድ የሆነው አደጋው የሚመጣው ከፊት ስለሆነና በተሳፋሪው ፊት ያለው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ነው። በወገብ ብቻ የታሰረ ሰው በመኪና ግጭት ከወገቡ ይታጠፋል፤ ጭንቅላቱ ከፊቱ ያለውን ይመታል፤ ቀበቶው ከዳሌ አጥንት ተንሸራቶ ሆድ ላይ ከወጣ ደግሞ አንጀትንና የአከርካሪን አጥንት ይጎዳል። ይህ በሕክምና መጻሕፍት ስም ያለው ጉዳት ሆኗል።

መኪና የመጨፍለቂያ አፍንጫ አለው፤ የአየር ከረጢት አለው፤ ቀበቶውን የሚስብና በኋላ የሚያላላ መሣሪያ አለው። አውሮፕላን ወንበሩ፣ ሐዲዱ፣ ሠራተኛው፣ ባዶ ሰማዩ አለው። የወረታው ሚኒባስ ከሁለቱ የትኛው ነው?

ከጋቢና ጀርባ ያለው ከሁለቱም አይደለም። በየመስመሩ ላይ ያለው ባለ 12 ሰው ሚኒባስ ከፋብሪካ ሲወጣ የዕቃ መጫኛ የነበረ፣ እዚህ ሲደርስ በጋራዥ መስኮት ተቆርጦለት፣ ወንበር ተበይዶለት ወደ ሥራ የገባም አለበት። ወንበሩ ከቱቦ ብረት ተሠርቶ በላሜራው ወለል ላይ በብሎን ይታሠራል። ቀበቶ የሌለው መሆኑ የመጀመሪያው ችግር ነው፤ ግን ትልቁ ችግር አይደለም። ትልቁ ወንበሩ ራሱ ነው። የአሜሪካ የመኪና ደንብ ለአንድ የወገብ ቀበቶ መያዣ የሚጠይቀው ወደ 2.3 ቶን የሚደርስ መሳብ እንዲችል ነው። በቀጭን ላሜራ ላይ በአራት ብሎንና በትንሽ ሮንዴላ የተያዘ ወንበር ይህን አይችልም፤ ላሜራው ተቀዶ ብሎኑን ያሳልፈዋል። በዚህ ወንበር ላይ ቀበቶ ብቻ ገዝተን ብናስርለት ተሳፋሪው ከወንበሩ ጋር ሆኖ ይወረወራል። ስለዚህ ነው አንዳንድ ባለንብረቶች «ቀበቶ ገጠምን» ሲሉ ደስ ከማለት በፊት ወለሉን ገልጦ ማየት የሚያስፈልገው።

ፎገራ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። ሜዳው የሩዝ አገር ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጂግናና በሻጋ አካባቢ የተጀመረው ሩዝ ዛሬ የወረታን ገበያ ቀይሮታል፤ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ከተማዋ ውስጥ አለ። ሩዙ በትልቅ መኪና ብቻ አይጓዝም። በገበያ ቀን በሚኒባስ የኋላ ወንበር ሥርና ጀርባ ይታጨቃል። አንድ መኪና በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ በአንድ አሥረኛ ሰከንድ ውስጥ ሲቆም በውስጡ ያለው ሁሉ በክብደቱ 14 እጥፍ ወደ ፊት ይገፋል። አንድ ኩንታል ሩዝ 14 ኩንታል ሆኖ በፊቱ ያለውን ወንበር ይመታል ማለት ነው። የታሰረ ተሳፋሪ በዚያ ወንበር ላይ ቢኖር ከፊት ቀበቶው ከኋላ ኩንታሉ ይዞት ይጨፈለቃል። አውሮፕላን ውስጥ ዕቃ በመረብና በክፍል ተለይቶ የሚታሰረው ለዚህ ነው፤ ከወንበር ሥር የሚገባው ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው። ኩንታሉ በፖርቶመጋላ ላይ በገመድ ሲታሰር መኪናውን ከላይ ያከብደዋል፤ ያም መገልበጥን ያመጣል። መልሱ ሰውና ሩዝ አንድ ላይ አለመጫን ነው፤ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ገበሬው ሌላ መጓጓዣ ፈልጎ ካጣ ሚኒባሱን ይለምናል።

መንገዱም ከሜዳው ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች በክረምት ሲሞሉ ሜዳው ውኃ ስለሚተኛበት አስፋልቱ በአፈር ግድብ ላይ ይሄዳል። ከባሕር ዳር እስከ ወረታ፣ ከወረታ እስከ አዲስ ዘመን ያለው ቀጥታ መንገድ ሹፌሩን ፍጥነት ያስለምደዋል። መሃሉ ላይ ግን የፎገራ ከብት፣ ባጃጅ፣ በግራና በቀኝ የሚሄድ ገበያተኛ አለ። ሹፌሩ ከብት ለማዳን መሪውን ሲያዞር መኪናው ከግድቡ ይወርዳል፤ ወርዶ ይገለበጣል። በመገልበጥ ላይ የሚገድለው ብዙ ጊዜ ግጭቱ ሳይሆን በበር ወይም በመስኮት መወርወሩ ነው። በአሜሪካ ገዳይ አደጋዎች ላይ ከመኪና ሙሉ በሙሉ ከተወረወሩ አራት ሰዎች ሦስቱ እንደሚሞቱ ይታወቃል። ከወረታ ወደ ምሥራቅ፣ ከአለምበር ወደ ደብረ ታቦር በሚወጣው ጥምዝምዝ ላይ ደግሞ ከ1,800 ሜትር ከፍታ ወደ 2,700 ሜትር ይወጣል፤ ሲወርድ ፍሬን ይግላል። ከዚህ አካባቢ ለገና ወደ ላሊበላ የሚሄደው ምዕመንም ከወረታ የሚነሳውን የወልድያ መንገድ ይዞ ነው የሚያልፈው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ላይ የወገብ ቀበቶ ብቻ እንኳ ቢኖር ለመገልበጥ ዋጋው ትልቅ ነው። የአውሮፕላኑ ዓይነት ቀበቶ ለመኪና ጎደሎ ነው ብዬ ከላይ የጻፍኩት እውነት ነው፤ ምንም ቀበቶ ከሌለው ወንበር ጋር ሲነጻጸር ግን ጎደሎ አይደለም።

ጋቢና ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ፋብሪካው የገጠመው ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ አለ። የመንገድ ትራንስፖርት ትራፊክ ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 208 ከወጣበት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ አለማሰር በጥፋት ይቆጠራል። የሚሆነውን ግን ሁላችንም አይተናል። ኬላው ሲቃረብ ሹፌሩ፦ «አባቴ፣ ቀበቶዋን ጣል ያድርጓት፤ ትራፊክ አለ» ይላል። ሽማግሌው ደረታቸው ላይ ያኖሯታል፤ ዘለበቱ አይገባም። ትራፊኩ ያያል፤ ያሳልፋል። ከኬላው በኋላ ቀበቶዋ ትመለሳለች። ሰውየው ለሕይወታቸው የተሠራ ነገር ለኬላው ብቻ መስሎ ቀረባቸው። ይህ የእሳቸው ጥፋት አይደለም። ከባሕር ዳር ሲበሩ ያችው ቀበቶ ምን እንደምትሠራ፣ እንዴት እንደምትታሰርና እንደምትፈታ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተነግሯቸዋል፤ ከመነሳቱ በፊትም አንድ ሰው በዓይኑ አይቶላቸዋል። በሚኒባሱ ላይ ይህን ማድረግ የሚችል ሰው አለ፤ ረዳቱ ነው። በር የሚዘጋውም፣ ሒሳብ የሚሰበስበውም፣ «ጠጋ በሉ» የሚለውም እሱ ነው። «አስራችኋል?» የሚል አንድ ቃል ቢጨመርለት የሚከብደው አይደለም፤ መጀመሪያ ግን እሱ ራሱ የሚቀመጥበት ወንበር ሊኖረው ይገባል። ዛሬ ረዳቱ ግማሹን መንገድ ጎንበስ ብሎ ቆሞ ይሄዳል። ከሁሉም የተጋለጠው እሱ ነው።

የሕፃኑን ነገር ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ፤ በሁለቱም መንገዶች ላይ ያልተፈታ ነውና። በአውሮፕላን ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በብዙ አገሮች በእናቱ ጭን ላይ እንዲሄድ ይፈቀዳል። በሐምሌ 1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ በወደቀው አውሮፕላን የነበረችው ዋና አስተናጋጅ ጃን ብራውን በጊዜው በታዘዘው መመሪያ መሠረት ወላጆችን ሕፃናቱን ወለል ላይ እንዲያደርጉ ነግራ ነበር፤ ከሕፃናቱ አንዱ ሞተ፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ደንቡ እንዲለወጥ ስትታገል ኖራለች። በአውሮፓ ሕፃኑ ከእናቱ ቀበቶ ጋር በሚያያዝ ትንሽ ቀለበት ይታሰራል፤ ይህም ከመብረር መጠበቅ እንጂ ከግጭት መጠበቅ አይደለም። በሚኒባስ ያለው የባሰ ነው። 8 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያው 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲቆም ከአንድ ኩንታል በላይ ይሆናል። የትኛዋም እናት በክንዷ አትይዘውም፤ ፍቅሯ ምንም ያህል ቢሆን። ጋቢና የተቀመጠች እናት ደግሞ ልጇን ለማዳን ብላ አንዱን ቀበቶ በእሷና በልጁ ላይ አንድ ላይ ብታስር የራሷ ክብደት በቀበቶውና በእሷ መሃል ያለውን ልጅ ይጨፈልቀዋል። ቀበቶዋን ለራሷ ብቻ አስራ ልጁን ከውጭ ብትይዘው ይሻላል፤ ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከፊት መስታወት ርቃ ብትቀመጥ ደግሞ ከዚያም ይሻላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች የታችኛው ቀበቶ ከሆዷ በታች፣ በዳሌዋ ላይ ይለፍ። በጉና ተራራ በኩል ብርድ ነውና ጋቢ ወይም ወፍራም ነጠላ የሚደርብ ሰው ቀበቶውን ከጋቢው ሥር ያስረው፤ በጋቢ ላይ የታሰረ ቀበቶ ሲሳብ የሚጨምቀው መጀመሪያ ጋቢውን ነው፤ ሰውነቱ እስኪያዝ ይዘገያል። ይህን የሚነግር ጤና ጣቢያ ላይ ቢኖር፣ ለክትባት የምትመጣ እናት ሁሉ ትሰማው ነበር።

ከወዴት ይጀመር የሚለውን ካሰብን፣ ቀበቶ መግዛት ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ ለቦሎ ይመረመራል። ፍሬኑ፣ መብራቱ፣ ጎማው ይታያል። በዚሁ ምርመራ ላይ ወንበር ከወለል ጋር እንዴት እንደተያዘ ማየት ይቻላል፤ ብሎኑ ላሜራውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ሻንሲ ወይም ሰፊ የብረት ሰሌዳ እንዲይዝ መጠየቅ ትልቅ ቴክኖሎጂ አይደለም፤ የወረታና የባሕር ዳር ብየዳ ቤቶች በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚሠሩት ነው። ወንበሩ ከጸና በኋላ በመስኮት በኩል ላሉት መቀመጫዎች የጎኑን ምሰሶ ተጠቅሞ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ መግጠም ይቻላል፤ ምሰሶ ለሌላቸው የመሃል መቀመጫዎች የወገብ ቀበቶ ይበቃል፤ ያኔም ከፊታቸው ያለው ወንበር ጀርባ ራቁቱን የቆመ ቱቦ ብረት ሳይሆን በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ መሆን አለበት፤ የሚታጠፈው ጭንቅላት የሚያርፈው እዚያ ነውና። በሹፌሩ ጀርባ ያለው፣ ተሳፋሪ ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀመጥበት የሞተር ክዳን ግን በምንም ዓይነት ቀበቶ አይስተካከልም። እዚያ ላይ ሰው መቀመጥ የለበትም። የፍጥነት መገደቢያ መሣሪያ በሕዝብ ማመላለሻ ላይ እንዲገጠም ያዘዘ አገር ለወንበር እግር ተመሳሳይ ትእዛዝ ማውጣት አያቅተውም።

የሚያቅተው ሌላ ነው፤ ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረውም እሱ ነው። አውሮፕላን ውስጥ የወንበሩ ቁጥርና የቀበቶው ቁጥር እኩል ነው፤ 78 ቀበቶ ያለው አውሮፕላን በጭን ከሚያዝ ሕፃን በቀር 79ኛ ሰው አይጭንም፤ የሚጫንበት ቦታም ስለሌለ አይከራከሩም። ሚኒባስ ላይ ግን ለሦስት ሰው በተሠራ ወንበር አራተኛ ይጠጋል፤ መተላለፊያው ላይ በርጩማ ይገባል። ትርፍ ሰው የሚባለው ይህ ነው። በአንድ ወንበር ላይ ሦስት ዘለበት በተተከለ ቀን አራተኛው ሰው ትርፍ መሆኑን ተሳፋሪው ራሱ በዓይኑ ያየዋል፤ ትራፊኩም ሳይቆጥር ያውቀዋል። ባለንብረቱ ቀበቶን የማይወደው ቀበቶው ውድ ስለሆነ አይደለም፤ ያቺን አራተኛ ታሪፍ ስለሚያሳጣው ነው። እሱም የነዳጅና የጎማ ዋጋ እየጨመረበት፣ በወጣው ታሪፍ ላይ እየተሟገተ፣ ጉድለቱን በትርፍ ሰው እየሞላ ኖሯል። ስለዚህ የቀበቶ ጉዳይ በወረታ መናኸሪያ ላይ የሚወሰነው በትራፊክ ቅጣት ብቻ ሳይሆን፣ ከወረታ ባሕር ዳርና ከወረታ ደብረ ታቦር ያለውን ታሪፍ በሦስት ሰው ወንበር ሦስት ሰው ብቻ ጭኖ መኪናውን በሥራ ላይ ሊያቆይ በሚችል ዋጋ ላይ በማስቀመጥ ነው። ታሪፉን የሚያወጣው ቢሮ፣ ቦሎውን የሚሰጠው ቢሮና ቅጣቱን የሚቆርጠው ትራፊክ በየፊናቸው እስከሠሩ ድረስ ግን ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ማለቱን አይተውም።